የሰረዝኩት የውሰት መዝገብ

ያ ሰኞ ካለፈ ብዙ ወራት ተቆጥረዋል። ሆኖም የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን (ለስልኮችና ለላፕቶፖች የኔትወርክ አድራሻ የሚያውሰውን ማሽን) ገጽ በከፈትኩ ቁጥር፣ ጣቴ "ሰርዝ" ከሚለው ትእዛዝ አጠገብ ሲደርስ አሁንም ቆም ይላል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ለባልደረቦቼ አንድ ሁለቴ አውርቼው፣ ተሳስቀንበት ይረሳ ነበር። የማልረሳው መለስተኛ የነበረውን ችግር ያባባስኩት ራሴ ስለሆንኩ፣ ይህንንም ያደረግኩት ምክንያቱን በትክክል ካወቅኩ በኋላ ስለሆነ ነው። ሳያውቁ ማጥፋት ያለ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ፣ ሒሳቡን ሠርቶ፣ "አሁንስ ገባኝ" ብሎ ማጥፋት ግን የሚያንገበግበው ለብቻው ነው።

ኔትወርኩ የአንድ ሥልጠና አዳራሽ የእንግዶች ዋይፋይ ነበር። ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። 10.20.30.0 ብሎ የሚጀምረውን ባለ 24 ቢት ኔትወርክ ወስጄ፣ ከ254ቱ አድራሻዎች የመጀመሪያዎቹን 20 ወደ ኢንተርኔት ለሚያወጣው ጌትዌይና ለመሳሰሉት አስቀርቼ፣ ከ21 እስከ 254 ያሉትን 234 አድራሻዎች ሰርቨሩ እንዲያድል ለቀቅኩለት። የውሰቱን ዘመን፣ ሊዝ የምንለውን፣ አልነካሁትም፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ከጅምሩ ይዞት የሚመጣው 8 ቀን እንዳለ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ በቋሚነት የተተከሉ ስክሪኖች፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎችና ገለጻ ማስተላለፊያ ሳጥኖች በድምሩ 14 መሣሪያዎች ነበሩ፤ እነሱንም ከእንግዶቹ ጋር በዚያው ፑል (የሚታደሉት አድራሻዎች ክምችት) ውስጥ ተውኳቸው። "ለጊዜው ነው" ብዬ ነበር። በዚህ ሙያ "ለጊዜው" ተብሎ የተሠራ ነገር ዕድሜው ከየትኛውም ቋሚ ሥራ እንደሚረዝም ማወቅ ነበረብኝ።

ለወራት አንድም ቅሬታ አልመጣም፤ ምክንያቱም አዳራሹን የሚጠቀሙት ያው የተለመዱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ሥልጠና ተጀመረ፤ ሠልጣኞቹም በየቀኑ የሚለዋወጡ ነበሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየዕለቱ ወደ 42 አዳዲስ ስልኮችና ላፕቶፖች ገቡ፣ ዋሉ፣ ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

ዝም ያለው ሰርቨር

ስደርስ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በሰላም እየሠሩ ነበር። ዘግየት ብለው የመጡት ግን ዋይፋዩ "ተገናኝቷል" እያላቸው ምንም ገጽ አይከፈትላቸውም። የአንዷን ሠልጣኝ ላፕቶፕ ተቀብዬ አድራሻውን ሳየው 169.254 ብሎ ይጀምራል። ይህ ቁጥር ለኔትወርክ ሠራተኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው አድራሻ ጠይቆ፣ ጠብቆ፣ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ከጎረቤቱ ጋር ያነጋግረው ይሆናል እንጂ ከጌትዌይ አያሻግረውም።

ይህን እያየሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አሁን ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል። የዋይፋይ ማሠራጫዎቹን አጥፍቼ አበራኋቸው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የዲኤችሲፒ አገልግሎቱን አቁሜ እንደገና አስነሳሁት። አሁንም ለውጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። ሰርቨሩ ለማን ምን እንዳዋሰ የሚጽፈው ዲስክ ላይ ነው፤ ቢጠፋ ቢበራ፣ መብራት ቢሄድ ቢመጣ፣ መዝገቡን አይረሳም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" የሚለው ተረት ለስድብ የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ለዲኤችሲፒ ሰርቨር ግን የሥራ መዘርዝሩ ነው። ሰርቨሩ እንደተነሳ መዝገቡን ቢረሳ ኖሮ፣ በእያንዳንዱ የመብራት መቋረጥ ማግስት አንድን አድራሻ ለሁለት ሰው ማደል ይጀምር ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ያኔ ጠዋት ለራሴ ብለው ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

በመጨረሻ ማድረግ ከነበረብኝ ነገር ላይ ደረስኩ፤ በኬብሉ ላይ የሚያልፈውን ትራፊክ ቀርጬ አየሁ። ማያ ገጹ ላይ የአንድ ስልክ ጥያቄ ብቻውን ተደርድሯል። "ማን ነው አድራሻ የሚሰጠኝ?" ብሎ ከ0.0.0.0 ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም ገና አድራሻ ከሌለው ወደ ሁሉም ሰው፣ ይጣራል። ወደ 4 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና ይደግማል። ከዚያ ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 32 ሰከንድ። መልስ የሚጠብቅ ሰው ተስፋው እየሳሳ ሲሄድ የሚጣራበትን ርቀት እንደሚያራዝመው ሁሉ፣ ስልኩም የዝምታውን ልክ በእጥፍ እያሳደገ ይሄዳል። ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ እንደደረሰ በሰርቨሩ በኩልም አረጋገጥኩ። ሰርቨሩ ሰምቷል። ዝም ብሏል።

ዝምታው ለደቂቃዎች አደናገረኝ። በኋላ የገባኝ ነገር ቀላል ቢሆንም እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ በዲኤችሲፒ ቋንቋ ውስጥ "ሞልቷል" የሚል ቃል የለም። ሰርቨሩ አድራሻ የማቅረብ፣ የማጽደቅ፣ "ይህ አድራሻ አይገባህም" ብሎ የመከልከል መልእክቶች አሉት፤ አዲስ ለመጣ ሰው "ያለኝን ጨርሻለሁ" የሚልበት መልእክት ግን የለውም። ምክንያታዊነቱ አይካድም፤ በአንድ ኔትወርክ ላይ ከአንድ በላይ ሰርቨር ሊኖር ስለሚችል፣ የሌለው ዝም ቢል ያለው ይመልሳል። ዋጋው ግን ፑሉ ሲሞላ የሚታየው ምልክት ሰርቨሩ ሲሞት ወይም ኬብሉ ሲበጠስ ከሚታየው ጋር ፍጹም አንድ መሆኑ ነው። ጠያቂው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ልዩነቱ የሚታየው በመዝገቡ ብቻ ነው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ከ234 አድራሻ 234ቱ ተይዘዋል።

ሁለት ጠቅታ

ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ከ234 ላይ 14ቱን ቋሚ መሣሪያዎች ይዘዋቸዋል፤ 220 ይቀራል። ባለፈው ሳምንት በአምስት ቀን፣ በቀን 42 ሰው፣ 210 ወጣ። ለሰኞ ጠዋት የተረፈው 10 አድራሻ ብቻ ነበር። አሥሩ ቀደም ብለው የመጡ ሰዎች ወሰዱት፤ የቀሩት 32ቱ ውጭ ቀሩ። የባለፈው ሰኞ እንግዶች የወሰዱት የ8 ቀን ውሰት የሚያበቃው ደግሞ ማክሰኞ ነው። ሰዎቹ አዳራሹን ለቀው ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ስማቸው ግን መዝገቡ ላይ ተቀምጦ ወንበር ይዟል። ዋይፋይ ትቶ የሚሄድ ስልክ "አድራሻውን መልሻለሁ" ብሎ የሚሰናበተው ከስንት አንዴ ነው፤ በሩን ወጥቶ፣ ሞገዱ ደክሞ፣ እዚያው ይቀራል።

የሁኔታው ግልጽነት አስደሰተኝ ማለት ይቻላል። ችግሩ የሞተ መሣሪያ አይደለም፣ የተበጠሰ ኬብል አይደለም፤ የሌሉ ሰዎች መዝገብ ነው። የሌሉ ሰዎችን መዝገብ መሰረዝ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ሁሉንም መረጥኩ። ሰርዝ አልኩ። "እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። 234 የነበረው ቁጥር ዜሮ ሆነ፤ ማያ ገጹም ባዶ ሆኖ ነጣ።

ለአንድ ደቂቃ ያህል ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ባዶው ገጽ መሞላት ጀመረ፤ የተሞላው ግን በእንግዶች ስም አልነበረም። 10.20.30.21፣ "ባድ አድሬስ"፣ ብልሹ አድራሻ። 22፣ "ባድ አድሬስ"። 23፣ እንዲሁ። ገጹን ባደስኩት ቁጥር አንድ ሁለት ይጨመራል።

የሆነው ይህ ነው። ሰርቨሬ የሚያድለው ነጻ ከሆኑት ውስጥ ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምሮ ነው። ዝቅተኛዎቹን ቁጥሮች የያዙት ደግሞ አዳራሹ ሲከፈት መጀመሪያ የተሰኩት 14ቱ ቋሚ መሣሪያዎች ናቸው። እነሱ የትም አልሄዱም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ሆነው እየሠሩ ነው። እኔ የሌሉትን ስሰርዝ ያሉትንም አብሬ ሰርዤአቸዋለሁ። አንድ ስልክ አድራሻ ሲጠይቅ ሰርቨሩ "21 ነጻ ነው" ብሎ ያቀርብለታል፤ ስልኩ ከመልበሱ በፊት "በ21 የሚጠራ አለ?" ብሎ በኤአርፒ፣ የአድራሻ ባለቤት በሚጠየቅበት መልእክት፣ ይጣራል፤ ስክሪኑ "እኔ አለሁ" ይላል። ስልኩም የሚገባውን ያደርጋል፦ ለሰርቨሩ "የሰጠኸኝ የሰው ነው፣ አልቀበልም" ብሎ ይመልስና እንደገና ከመጀመሩ በፊት በደንቡ መሠረት ቢያንስ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ደግሞ አድራሻውን ብልሹ ብሎ ይመዘግባል። ቀጣዩ ስልክ 22 ይቀርብለታል። አሠራሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ትክክል ያልነበረው የሰርቨሩ እውቀት ብቻ ነው፤ እውቀቱን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይረጋ ነበር። አሥራ አራቱ አድራሻዎች በተራቸው ብልሹ ተብለው ካለቁ በኋላ ከ35 ወዲያ ያለው ነጻ ነው። ነገር ግን እንግዶቹ ያመጧቸው መሣሪያዎች ሁሉ ጨዋ አይደሉም። አንድ ያረጀ ታብሌት የተሰጠውን 27 ቁጥር ሳይጠይቅ ለበሰ። 27 የመድረኩ ትልቅ ስክሪን ነበር።

ከኋላ ቆሜ አየሁት። ገለጻው እየሄደ ነበር፤ ሥዕሉ ቀጥ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቀጥ አለ፣ ከዚያ ጨለመ። አሠልጣኟ ወደ ኋላ ዞረው "ወንድሜ፣ ምን ነካችሁብን?" አሉኝ። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ኢንተርኔት ያጡ ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ነበር፤ ያ ግን ለማንም አልታየም። የታየው የጨለመው ስክሪን ነው። ጌትዌዩ ላይ ገብቼ የትኛው አድራሻ በየትኛው መሣሪያ እንደተያዘ የሚያሳየውን የኤአርፒ ሰንጠረዥ ስከፍት በ10.20.30.27 ትይዩ አንድ ማክ አድራሻ (የመሣሪያ መለያ ቁጥር) አለ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስመለከተው ሌላ ማክ አድራሻ ሆኗል፤ ቆይቼ ስመለስ ተመልሶ የፊተኛው ነው። ሁለት መሣሪያዎች አንድን ስም እየተቀባበሉ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይባባላሉ፤ ጌትዌዩም የመጨረሻውን ተናጋሪ ያምናል። ታብሌቱን አስወጣሁት፤ ስክሪኑ በራ። ላቤን የጠረግኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የውሉ ሌላኛው ቅጂ

ያን ምሽትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሲነዘንዘኝ የቆየው ጥያቄ "ለምን ሰረዝክ?" የሚል አልነበረም። "ስትሰርዝ ምን የሰረዝክ መስሎህ ነበር?" የሚል ነው።

አድራሻው የእኔ፣ ሰርቨሩ የእኔ፣ መዝገቡም የእኔ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ውሰት ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ሰርቨሩ ዘንድ ይቀመጣል፣ ሌላው ተዋሹ እጅ ላይ ነው። እኔ የቀደድኩት የራሴን ቅጂ ብቻ ነው። ስክሪኑ በእጁ ያለው ቅጂ "እስከዚህ ቀን፣ እስከዚህ ሰዓት ያንተ ነው" ይለዋል፤ ከእኔ ወገን ውሉ እንደተቀደደ የሚነግረው የለም። በእርግጥ ሰርቨሩ ተዋሹን ቀስቅሶ "ና፣ አድስ" የሚልበት መልእክት እ.ኤ.አ. በ2001 በአርኤፍሲ 3203 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው) ተደንግጓል፤ መልእክቱ ማረጋገጫ እንዲኖረው ስለሚጠይቅና በተግባር የሚያውቁት መሣሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ ግን በእኔ ዓይነቱ ኔትወርክ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። አዋሹ የሰጠውን ከቀጠሮው በፊት የሚያስመልስበት መንገድ የለውም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም መጠበቅ ነው።

ይህ ድክመት ይመስል ነበር፤ እያደር ግን የሥርዓቱ ዋና ብልሃት እሱ መሆኑን አምኛለሁ። ከዲኤችሲፒ በፊት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ቡትፒ የተባለው ደንብም ለማሽኖች አድራሻ ይነግር ነበር። የሚነግረው ግን አስተዳዳሪው አስቀድሞ በሰንጠረዥ የጻፈውን ነው፤ ይህ ማሽን ይህን አድራሻ ያገኛል፣ አበቃ። በ1993 የመጀመሪያው የዲኤችሲፒ ሰነድ፣ በ1997 ደግሞ በራልፍ ድሮምስ የተዘጋጀው አርኤፍሲ 2131 ሲወጣ የተጨመረው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። የመልእክቱ ቅርጽ እንኳ ከቡትፒ የተወረሰ ነው፤ 67 እና 68 የሚባሉት ፖርቶችም እንዲሁ። አዲሱ ነገር አድራሻው የመመለሻ ቀን ይዞ መሰጠቱ ነው። የመመለሻ ቀን ካለ መሰናበት አያስፈልግም፤ ተዋሹ ቢሞት፣ ቢጠፋ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ቀኑ ሲደርስ አድራሻው ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት ይመለሳል። ሁለት ወገኖች ሳይነጋገሩ በአንድ ሰዓት ላይ ይስማማሉ። እኔ ግን ጊዜ ሊሠራው የተቀመጠለትን ሥራ በሁለት ጠቅታ ልሠራው ተነሳሁ።

ማድረግ የነበረብኝማ የተጻፈ ነበር፤ ዓይኔ ሥር። ከዝርዝሩ ላይ በየአድራሻው ትይዩ የሚያበቃበት ቀን አለ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚያበቃው ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ወስዶ ያላደሰ ሰው ነው፤ ቋሚዎቹ መሣሪያዎች ግን የዘመናቸው እኩሌታ ሲደርስ፣ ማለትም በየአራተኛው ቀን፣ ስለሚያድሱ ቀናቸው ሁልጊዜ ወደ ፊት የተገፋ ነው። ከዚያ ላይ አጠራጣሪውን ፒንግ አድርጎ ("አለህ?" ብሎ ጠርቶ)፣ የኤአርፒ ሰንጠረዡን አመሳክሮ፣ 32 አድራሻ ብቻ በጥንቃቄ ማስለቀቅ ይቻል ነበር። ሃያ ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ግን ስልክ እየጮኸ፣ ሰው አናትህ ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚረዝም ያየ ያውቀዋል። ይህን ለማመካኛ አላቀርበውም፤ እንዲያውም "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የተባለው እኔን ለመሰሉት ነው። አድራሻ ለመደልደል የሚበቃ እውቀት ነበረኝ፤ የተደለደለውን ለማስመለስ የሚበቃው ግን አልነበረኝም።

አራት ሰዓት ወይስ ስምንት ቀን

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ምክር ፑሉን አስፋው የሚል ነበር። ከ24 ቢት ወደ 23 ቢት ብወርድ 510 አድራሻ አገኛለሁ። ሒሳቡም ይሠራል፤ በ8 ቀን ዘመን ውስጥ ቢበዛ ስድስት የሥልጠና ቀናት ይወድቃሉ፣ ስድስት ጊዜ 42 ደግሞ 252 ነው፣ 14ቱ ሲጨመሩ 266። የጎደለኝ 32 አድራሻ ብቻ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ምክሩን አልወደድኩትም። ፑሉን ማስፋት የሌሉ ሰዎች የሚቀመጡበትን ወንበር ማብዛት ነው፤ እንግዶቹ በቀን 90 ሲሆኑ እዚያው ግድግዳ ላይ እመለሳለሁ።

ደግሞም ዛሬ አንድ መሣሪያ አንድ ስም ብቻ ይኖረዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። አንድሮይድ 10 እ.ኤ.አ. በ2019፣ አይኦኤስ 14 በ2020 ከወጡ ወዲህ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለየ፣ ራሳቸው የፈጠሩት ማክ አድራሻ ይዘው መቅረብ ልማዳቸው ሆኗል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ይህን አድራሻ በየቀኑ እንዲቀያየር ማድረግ ይቻላል። ይህን ምርጫ የከፈተ አንድ ላፕቶፕ ለሰርቨሩ በየማለዳው አዲስ ሰው ነው፤ በ8 ቀን ውሰት ብቻውን ስምንት ወንበር ይይዛል። ባለቤቱ ይህን ያደረገው ራሱን ከክትትል ለመጠበቅ ነውና አልፈርድበትም። የሚመጣጠን ዘመን መምረጥ የእኔ ድርሻ ነው።

ዘመኑን ወደ 4 ሰዓት አወረድኩት። እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራክረናል፤ ለእንግዳ አንድ ሰዓት ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው የማየው። ተዋሹ የዘመኑ እኩሌታ ሲደርስ ያዋሰውን ሰርቨር "አድስልኝ" ይለዋል፤ መልስ ካጣ ከዘመኑ 87.5 በመቶ ላይ የትኛውም ሰርቨር እንዲያድስለት ለሁሉም ይጣራል፤ ያም ካልሆነ በመጨረሻዋ ሰከንድ አድራሻውን ይጥላል። በ8 ቀን ውሰት እነዚህ አራተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን ናቸው፤ በ4 ሰዓት ውሰት ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ተኩልና አራት ሰዓት። እንግዲህ ሰርቨሩ አሁን ቢሞት፣ ሊያድስ አንድ ደቂቃ የቀረው ሰው በእጁ ያለው የዘመኑ እኩሌታ ነው። በ8 ቀን ውሰት ሰርቨሩን ለመጠገን አራት ቀን አለኝ፤ በ4 ሰዓት ውሰት ሁለት ሰዓት፤ በአንድ ሰዓት ውሰት ግማሽ ሰዓት። የውሰት ዘመን ምን ያህል አድራሻ እንደሚባክን ብቻ ሳይሆን፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ እኔ ከእንቅልፌ ተነስቼ፣ ለብሼ፣ እዚያ ለመድረስ ያለኝንም ጊዜ ይወስናል። ዘመኑን ወደ አንድ ሰዓት የሚያወርዱ ሰዎች የት እንደሚያድሩ መጠየቅ ያምረኛል።

ዘመኑን ማሳጠሬ ሁለተኛ ሰርቨር እንዳቆም ያስገደደኝም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ አንድ ሰርቨር ያለውም በሰዓታት ውሰት አይጫወትም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ሁለት ሰርቨሮች የአንድን ስኮፕ (የአድራሻ ክልል) መዝገብ እየተላላኩ አብረው መያዝ ይችላሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ማን ምን እንደያዘ ያውቃል። መዝገቡ በሁለት ቦታ መቀመጡ የሚጠብቀኝ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ከራሴ እጅ ነው ብዬ ነበር፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እኔ በአንዱ ላይ የሰረዝኩት በሌላውም ላይ ይሰረዛል።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። አሥራ አራቱን መሣሪያዎች ወደ ራሳቸው ቪላን (ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) አዛውሬ ለእያንዳንዱ በማክ አድራሻው ሪዘርቬሽን፣ ለእሱ ብቻ የተጠበቀ አድራሻ፣ ያዝኩለት። በየመሣሪያው ላይ በእጅ ቋሚ አድራሻ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን በእጅ የተጻፈ አድራሻ መዝገብ ላይ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ጠልፎ ይጥለኛል። ሰርቨሩ አድራሻ ከማቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ ፒንግ አድርጎ እንዲያጣራ የሚያደርገውን ምርጫ ከፈትኩ፤ ከጅምሩ ዜሮ ላይ ነበር። ፒንግ የማይመልስ መሣሪያ ስለሚኖር ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ቢሆንም ያን ሰኞ ተከፍቶ ቢሆን አብዛኛው ስክሪን ይተርፍ ነበር። ፑሉ 80 በመቶ ሲሞላ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም አደረግኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ያ ጅብ ተመልሶ እንደሚመጣ ስለማውቅ ውሻውን አሰርኩት።

ለውጡ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ቀን ማምሻውን ቁጭ ብዬ መዝገቡን ስመለከት ቆየሁ። ከሥልጠናው ማብቂያ አንሥቶ ቁጥሩ 41፣ 38፣ 30፣ 17 እያለ ይወርዳል፤ የሚሰርዝ እጅ የለም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ዜሮ እስኪሆን ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ አደሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከቤቴ ሆኜ ስመለከት እንደገና አድሷል። ከማክ አድራሻው ግራ ሁለተኛው አሃዝ 6 ነበር፤ ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን መሣሪያው ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የማን ሥሪት እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻልኩም። መዝገቡን ልሰርዝበት እችል ነበር። ተውኩት።

ጠዋት አንድ ሠልጣኝ ስልኩ ትናንት አዳራሹ ውስጥ እንደቀረበት ሲጠይቅ ሰማሁ። መዝገቡንና ማሠራጫዎቹን አይቼ፣ ከኋላ በኩል፣ በስተግራ ካለው ማሠራጫ አጠገብ እንዲፈልገው ነገርኩት። ሁለት ወንበሮች መሐል ወድቆ ተገኘ፤ ባትሪው 9 በመቶ ቀርቶታል፣ አድራሻውም እስከ ረፋዱ ድረስ የራሱ ነበር።